ሰሙን የያዘው ገጠሬ፦ የልጅነት ኮሜዲ በጎልማሳ ዓይን

በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ኮሜዲ ውስጥ ከማንም በላይ ያሳቀው ሰው ገጠሬው ነው። በልመንህ ታደሰና በአለባቸው ተካ የሁለትዮሽ ጭውውቶች፣ በደረጀ ኃይሌና በሀብቴ ምትኩ አጫጭር ትዕይንቶች፣ ኋላም በ2000ዎቹ ዓ.ም. በተወደደው «ቤቶች» ተከታታይ ድራማ ዘመን ጋቢ ደርቦና ዱላ ይዞ ከተማ የሚገባው ባላገር የሣቅ ምንጭ ሆኖ ኖሯል። አንድ ጊዜ ዘበኛ፣ ሌላ ጊዜ የቤት ሠራተኛ፣ አንዳንዴም ዘመድ ጥየቃ የመጣ እንግዳ ወይም ቢሮ ለቢሮ የሚንከራተት ባለጉዳይ ነው። እነዚህን ሥራዎች በልጅነቱ ያየው ትውልድ ዛሬ በስልኩ ፈልጎ እንደገና ያያቸዋል፤ ከዚያም ከሁለት ፍርዶች አንዱን ይሰጣል። አንዱ «የድሮ ኮሜዲ ወርቅ ነበር» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ባላገሩን መስደቢያ ነበር» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም ፍርዶች ሣቁ በምን መንገድ እንደሚሠራ ሳይመረምሩ የተሰጡ ናቸው።

የቀድሞው አቀባበል ከአዲስ አበባ ይልቅ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ሲታይ ግልጽ ይሆናል። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና በ1977 ዓ.ም. ግድም ባለ ቀለም ከሆነ በኋላም ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ጣቢያ አንድ ብቻ ነበር። በምዕራብ ጎጃም ከተሞች መሣሪያው ያለው ቤት ጥቂት በመሆኑ ሰው በጎረቤት ሳሎን፣ በሻይ ቤትና በሆቴል ተሰብስቦ ያይ ነበር። መብራት ባልደረሰው ዙሪያ ገጠር የሚሰማው ሬዲዮ ነበር። ስለዚህ የአስተማሪው ልጅ፣ ነጋዴውና በርበሬውን ሸጦ ከመሄዱ በፊት አረፍ ያለው ገበሬ አንዱን ትዕይንት አብረው ያዩበት አጋጣሚ አለ። በስክሪኑ ላይ የሚሳቅበት ሰው አምሳያ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እሱም ይስቃል። ይህ ሣቅ ራስን ከመናቅ የመጣ ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ ነገር ግን ገበሬው የሳቀበት ነገር ከተሜው ከሳቀበት ጋር አንድ ላይሆን ይችላል።

ልዩነቱ ያለው በዚህ ኮሜዲ ዋና ዘዴ ውስጥ ነው። ዘዴው የንግግር መሳሳት ነው፦ ከተሜው በተለዋጭ ትርጉም የተናገረውን ገጠሬው በቀጥታ ትርጉሙ ይወስደዋል። ቅርጹን ለማሳየት እንዲህ ያለ ልውውጥ ይታሰብ። የቤቱ ጌታ «መብራት ሄደ» ይላል። አዲሱ ዘበኛ «ወዴት?» ብሎ ይጠይቃል። ልጅ የሚስቀው እዚህ ላይ ነው፤ ዘበኛው መብራት እንደ ሰው በእግሩ የሚሄድ መስሎታልና። ይህ የመጀመሪያው እርከን ነው፤ ብዙ ደካማ ትዕይንቶችም እዚሁ ያበቃሉ። ጥሩው ትዕይንት ግን ይቀጥላል። ጌታው «ተመልሶ ይመጣል» ብሎ ሊያስረዳ ሲሞክር ዘበኛው «ወደ እኛ አገርም በዚያው ይለፍ ነበር» ይላል። አሁን ሣቁ ባለቤቱን ቀየረ። መሳሳት መስሎ የጀመረው ነገር ምሰሶው በማሳው አቋርጦ ሲያልፍ ቤቱ ግን በኩራዝ የሚያመሸው ገበሬ ጥያቄ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ዘዴ ከሌላ ሙያ የተሻለ የሚያስረዳው ቅኔ ነው። ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ ትምህርት የጎለበተባቸው የጎጃም ደብሮች ናቸው፤ ተማሪ ከሩቅ አገር በእግሩ የሚመጣው ሰሙን ከወርቁ መለየት ሊማር ነው። ሰሚውን በሰሙ አስቀምጦ ወርቁን መደበቅ፣ የሌላውን ወርቅ እያወቁ ሰሙን ብቻ እንደሰሙ ሆኖ መመለስም የዚሁ ባህል ችሎታ ነው። ባላገር ሽማግሌ በእርቅ ሸንጎም ሆነ በሠርግ ቤት ይጠቀምበታል፤ የማይመቸውን ጥያቄ በየዋህነት ቃል በቃል ይመልሰዋል፤ ጠያቂውም የተመታው በምን እንደሆነ የሚገባው ቆይቶ ነው። የቴሌቪዥኑ ገጠሬም ሰሙን ይዞ ሲመልስ የሚነሳው ወሳኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ ወርቁን ያውቃል ወይስ አያውቅም? የሚያውቅ ከሆነ ቅኔ ከሚሰማበት አገር የመጣ ሰው ነው። የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ደራሲው ከዚያው አገር ሰው ላይ ዋናውን ሀብቱን ነጥቆ ሞኝነትን ሰጥቶታል።

መልሱ በጽሑፉ ላይ አይገኝም። የሚገኘው በተዋናዩ ዓይንና በዝምታው ርዝመት ነው። «ወዴት?» ከማለቱ በፊት ለአፍታ ጌታውን ቀና ብሎ ካየ ወርቁን ያውቃል፤ ቃሉን ፈጥኖና አፉን ከፍቶ ከተናገረው ሞኝ ነው። ልጅ ይህን ቅጽበት አያየውም፤ የሚሰማው ድምፁን ነው። ጎልማሳ ተመልካች ግን ቀልዱን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ዓይኑ ፊቱ ላይ ያርፋል። ዳግም ማየት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። የሁለትዮሽ ጭውውት በጥቂት ዕቃና በጠባብ መድረክ የሚሠራ በመሆኑ ለፊትና ለዝምታ ሰፊ ቦታ ይተዋል። የልመንህና የአለባቸው ጥምረት ከእነ ድህነቱ ዛሬም የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው እያዳመጠ ይተውናል። ማዳመጥን መተወን የአማርኛ ኮሜዲ ከደረሰባቸው ነገሮች ሁሉ የላቀው ነው፤ ከእነሱ በኋላ የመጣው የተጣደፈ ቀልድ እስከ ዛሬ አልደረሰበትም።

በአንጻሩ ያረጀው ነገር አነጋገሩ ነው። የስክሪኑ ገጠሬ የሚናገረው አማርኛ ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከመንዝና ከወሎ ጥቂት ጥቂት ተለቅሞ የተሠራ ነው። «ከ» የሚለው ሁሉ «ኸ» ይሆናል፤ የቃል መጨረሻ ይጎተታል፤ ድምፁ ከመጠን በላይ ይጮኻል። ከደምበጫ እስከ ቡሬ ባለው መንገድ ዳር የሚኖር ሰው ይህን አነጋገር ሲሰማ የየትኛው አገር እንደሆነ ለመለየት ይቸገራል። እውነተኛው የባላገር ንግግር በማዕረግና በዝምድና ይለካል፤ ታላቅ ወንድም «አያ» ይባላል፤ ለቄስና ለሽማግሌ «አንቱ» አለ፤ እንግዳ የሚጠየቅበት ቃል ለባልንጀራ ከሚነገረው ይለያል። የስክሪኑ ገጠሬ ግን ያገኘውን ሁሉ በአንድ ቃናና በአንድ «ጌታዬ» ያነጋግራል። ጨዋነቱ ተወስዶ ጎርናና ድምፅ ብቻ ቀርቶለታል። ይህ ስንፍና ነው፤ ጉዳትም አድርሷል። ከገጠር ቀበሌ ወጥቶ ለትምህርት ወይም ለሥራ አዲስ አበባ የገባ ወጣት አፉን በከፈተ ቁጥር ቀልድ የሚጠበቅበት፣ በጥቂት ወራትም የእናቱን አነጋገር የሚደብቀው፣ ሣቁን አስቀድሞ ያስተማረ ነገር ስለነበረ ነው።

«ቤቶች» በዚህ ረገድ መካከለኛ ቦታ ይዟል። ጥላሁን ጉግሳ ከፊት የመራው ይህ ሥራ ኮሜዲውን ከአጭር ትዕይንት አውጥቶ በአንድ ግቢ ውስጥ በየሳምንቱ ወደሚቀጥል ኑሮ አሸጋገረው። ቀጣይነቱ ለቤቱ ሠራተኞች ጠቅሟል። በአንድ ትዕይንት ሞኝ ብቻ ሊሆን የሚችል ሰው በየሳምንቱ ሲመለስ ቂም፣ ፍቅርና ዕቅድ ያስፈልገዋል፤ እንደ እከ ያሉ ገጸ ባሕርያትን ተመልካች እንደ ጎረቤት በስም የሚጠራቸው በዚህ የተነሳ ነው። ሆኖም ጎልማሳው ተመልካች በልጅነቱ ያላየውን አንድ ነገር ያያል፦ የሣቁ ድልድል የቤቱን የደመወዝ ድልድል ይከተላል። በሠራተኛ አነጋገር ይሳቃል እንጂ በጌታ አነጋገር አይሳቅም። ከጎጃም ገጠር በልጅነታቸው ወጥተው በሰው ቤት ያደጉ ብዙ ሴቶች ባሉበት አገር ይህ ጥቃቅን ጉዳይ አይደለም።

ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። የግብፅ ኮሜዲ የላይኛው ግብፅ ሰው የሆነውን ሰዒዲ ለረጅም ዘመን ሲስቅበት ኖሯል። በአሜሪካ ከ1962 እስከ 1971 እ.ኤ.አ. የታየው «ቤቨርሊ ሂልቢሊስ» ደግሞ በመሬቱ ነዳጅ አግኝቶ ወደ ሀብታሞች ሰፈር የገባ የገጠር ቤተሰብ ታሪክ ነው። እዚያ አነጋገሩና አለባበሱ ቢያስቅም በገንዘብ የሚታለለው፣ ባላገሮቹን ላለማጣት የሚሽቆጠቆጠው የከተማው ባንክ ኃላፊ ነው። የገጠሬ ቀልድ ወደ ባላገሩም ወደ ከተሜውም የሚያነጣጥር ሁለት አቅጣጫ እንዳለውና ምርጫው የደራሲው እንደሆነ ይህ ያሳያል። አማርኛም ለሁለተኛው አቅጣጫ ከማንም የሚበልጥ ስንቅ አለው፤ ከመንግሥቱ ለማ ተውኔቶች አንስቶ የዘመናዊ ነኝ ባይ ከተሜ ግብዝነት የኮሜዲ መነሻ ሆኖ ያውቃል።

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የሳተላይት ጣቢያዎች መብዛታቸው፣ በ2008 ዓ.ም. ቃና ወደ አማርኛ የተመለሱ የውጭ ድራማዎችን ይዞ መምጣቱ፣ ቀጥሎም የዩቲዩብ ቀልድ መስፋፋቱ ገጠሬውን አላጠፋውም። ነገር ግን በአጫጭሩ ቪዲዮ ውስጥ የቀረው የመጀመሪያው እርከን ብቻ ነው፤ ቁምጣው፣ ጩኸቱና መሳሳቱ። ሁለተኛው እርከን ጊዜ ይፈልጋል፤ ዝምታ ይፈልጋል።

ስለዚህ የቀድሞው ኮሜዲ በጥቅሉ ሊወደስም ሊወገዝም አይገባም። ገጠሬው ሲሳሳት ብቻ የሚሳቅበት ክፍል ከልጅነት ጋር አብሮ ያልፋል፤ ገጠሬው ሲጠይቅ የሚሳቅበት ክፍል ግን ተመልካቹ ባደገ ቁጥር ይጠነክራል። የሂስ ሥራ ሁለቱን መለየትና የሁለተኛውን ተዋናዮች በሚገባቸው የክብር ቦታ ማስቀመጥ ነው። የደራሲው ሥራ ደግሞ ገጠሬውን ከመጻፉ በፊት አገሩን መምረጥ፣ አነጋገሩን ከባለቤቱ አፍ መማር፣ ከሁሉም በላይ ሰሙን ሲይዝ ወርቁን የሚያውቅ ሰው አድርጎ መጻፍ ነው።