አንገቱን የማያዞር ጀግና
ስለ ልዕለ ኃያላን ጭምብል

«ጭምብሉ ተገፈፈ» የሚለው አነጋገር በአማርኛው የፖለቲካ ቋንቋ ውስጥ ከአብዮቱ ዘመን ጀምሮ ሥር የሰደደ ነው። በዚህ አነጋገር ጭምብል ለባሹ ምንጊዜም ጠላት ነው፤ አድኃሪው፣ አስመሳዩ፣ አድርባዩ። ጀግና ፊቱን አይሸፍንም። ፊቱን ሸፍኖ የሚመጣ ሰው ሽፍታ ወይም ሌባ ነው ብለን ነው ያደግነው። ስለዚህ በሰሜን አሜሪካ ተፈጥረው ዛሬ በብዙ አገር ሕፃናትና ጎልማሶች ለበዓልና ለጨዋታ የሚያጠልቋቸው የልዕለ ኃያላን ጭምብሎች በእኛ ተመልካች ዘንድ አስቀድመው የሚያስነሱት ጥያቄ ይኸው ነው፤ መልካም የሚሠራ ሰው ፊቱን ከማን ይደብቃል?

የሥዕላዊ መጽሔቶቹ ደራስያን ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አላቸው፤ የጀግናው ማንነት ከታወቀ ጠላቶቹ በቤተሰቡ ላይ ይበቀሉበታል የሚል። ይህ የትልም ምክንያት እንጂ የኪነ ጥበብ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1938 ለንባብ የበቃው ሱፐርማን ፊቱን ገልጦ ነው የሚበረው፤ ተራ ሰው ለመምሰል መነጽር ማድረግ ብቻ በቅቶታል። ጭምብል ለባሽ ጀግና ከእሱ በፊት አልነበረም ማለት ግን አይደለም። ዞሮ እ.ኤ.አ. በ1919፣ ፋንተም በ1936 ተወልደዋል። ይሁን እንጂ ከዛሬዎቹ ጭምብሎች የሚበዙትን የወለደው እ.ኤ.አ. በ1939 ብቅ ያለው ባትማን፣ ማለትም የሌሊት ወፉ ሰው ነው ብንል አንሳሳትም። ሠዓሊው ቦብ ኬን መጀመሪያ ያሰበው የዓይን ዙሪያን ብቻ የምትሸፍን ትንሽ ጭምብል ነበር። ሁለት ሹል ጆሮዎች ያሉትን፣ ራስን ሙሉ በሙሉ አጥልቆ እስከ አፍንጫ የሚወርደውን ቆብ ያመጣው፣ የዓይኑም ብሌን ጠፍቶ ነጩ ብቻ እንዲቀር ያመለከተው ደራሲው ቢል ፊንገር ነው። ፊንገር እ.ኤ.አ. በ1974 ሲሞት ስሙ ከፈጠራው ጎን አልሰፈረም ነበር፤ በይፋ ሊሰፍር የቻለው በ2015 ነው። ጭምብሉን የሠራው ሰው ራሱ ሰባ ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ ከጭምብል ጀርባ ቆይቷል ማለት ነው። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ስለ ዓይኑ ግን አንድ ነገር ማለት እወዳለሁ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ በሁለት ዓይኖቹ ፊት ለፊት ያየናል፤ ኃጥኡ በጎን ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። መልካምነትን ከዓይን ማንበብ ለለመደ ሕዝብ ብሌን የሌለው ጀግና እንግዳ ነው። በወረቀት ላይ ያ ባዶ ነጭ ያስፈራል፤ ለማስፈራትም የታሰበ ነው። በመድረክና በፊልም ግን ተዋናዩ ዓይን ከሌለው ምንም የለውም። ከዚህ የተነሣ በፊልሞቹ የባትማን ዓይን ከነብሌኑ ይታያል፤ በቆቡ ቀዳዳና በቆዳው መካከል ክፍተት እንዳይኖርም የተዋናዩ ዓይን ዙሪያ ጥቁር ይቀባል። እ.ኤ.አ. በ1966 በጀመረው የቴሌቪዥን ዝግጅት አዳም ዌስት ያጠለቀው ቆብ ከጨርቅ የተሠራ ነበር፤ ቅንድብም ተስሎበታል። ብዙዎች ይሥቁበታል። እኔ በዚያ ቅንድብ አልሥቅም፤ ፊቱ የተሸፈነበት ተዋናይ ፊት ሲለምን የሚታይበት ነውና።

ዋናው ነገር ያለው እ.ኤ.አ. በ1989 በቲም በርተን አዘጋጅነት በቀረበው ፊልም ላይ ነው። በዚህ ፊልም ቆቡ ከጎማ ተሠርቶ ከአንገትና ከትከሻ ጋር አንድ ሆነ። ተዋናዩ ማይክል ኪተን አንገቱን ማዞር አልቻለም። ወደ ጎን ለማየት ደረቱንና ትከሻውን ጭምር፣ እንደ በር፣ ማዞር ነበረበት። የአልባሳት ጉድለት ነው፤ ነገር ግን ተዋናዩ ጉድለቱን ታግሎ ከማሸነፍ ይልቅ ተቀበለውና ከእሱ የአካል ቋንቋ አወጣ። ዘገየ፤ አሳጠረ፤ እያንዳንዱን መዞር ውሳኔ አስመሰለው። በእኛ መድረክ ንጉሥ ሆኖ የሚጫወት ተዋናይ ከከባድ ካባና ዘውድ ሥር የሚያደርገውን የሚያስታውስ ሁሉ ይህን ይረዳል። ጭምብል የፊትን ሥራ ለአካል ያስረክባል የሚለው የቆየ የቴአትር ትምህርት በጎማም ላይ እውነት ሆኖ ተገኘ።

እ.ኤ.አ. በ2008 በቀረበው ተከታታይ ፊልም ቆቡ ከአንገቱ ተለየ፤ ጀግናው አንገቱን ማዞር እንዲችል ሆኖ አዲስ ልብስ እንዲሠራለት መጠየቁም የታሪኩ አካል ሆኖ ገባ። የአልባሳት ባለሙያዎቹ ሥራ የሚያስመሰግን ነው። ቢሆንም እኔን የሚያሳስበኝ የአንገቱ መፈታት አይደለም። አንገቱ ከተፈታ በኋላስ ጀግናው ወደ ኋላው ዞሮ ማንን አየ? ባትማን ባለጸጋ ነው፤ ልብሱም መሣሪያውም የሚሠራው በሀብቱ ነው። የከተማይቱ ድኻ ነዋሪ ከኋላው የሚሮጥ፣ የሚጮኽ፣ የሚድን ሕዝብ ነው፤ ከእሱ ጎን የሚቆም ሰው ግን እምብዛም አይደለም። በ1989ም ሆነ በ2008 ጉዳዩ የጎማ ብቻ አልነበረም።

ከፊልሙ ወደ ገበያው ስንወርድ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ቤን ኩፐር የተባለው የኒው ዮርክ ኩባንያ ለአሜሪካ ልጆች የሃሎዊን በዓል ይሠራው የነበረው ልብስ በዘመኑ ርካሽና ተወዳጅ ነበር። ጭምብሉ በሻጋታ ከተቀረጸ ስስ ፕላስቲክ ይሠራል፤ ለዓይን ቀዳዳ ይበጅለታል፤ ከራስ ጀርባ በቀጭን ላስቲክ ይያዛል። ከሥሩ የሚለበሰው ቀሚስ መሳይ ልብስ ደረት ላይ ግን የጀግናው ስምና ሥዕል ታትሟል። እስቲ እናስተውል፤ የትኛው ጀግና ነው የራሱን ምስል ከነስሙ ደረቱ ላይ ለጥፎ የሚዞረው? ልጁ ጀግናውን ሆኖ ለመጫወት ወጣ፤ የወጣው ግን የጀግናው ማስታወቂያ ሆኖ ነው። ልጆች ግን ከነጋዴ ይበልጣሉ። ላስቲኩ ሲበጠስ ጭምብሉን በእጃቸው ፊታቸው ላይ ደግፈው መሮጥ ይቀጥላሉ። ያ እጅ ከጭምብሉ ይልቅ ቴአትር ነው።

አፍሪካን የሚመለከተውን ጭምብል በዝምታ ማለፍ አይገባም። ብላክ ፓንተር እ.ኤ.አ. በ1966 ሲፈጠር ለሽፋን በመጀመሪያ የተሣለው ሥዕል ከአፍንጫው በታች ያለውን ፊቱን ይገልጥ ነበር፤ ታትሞ የወጣው ግን ፊቱን ሁሉ ሸፍኖ ነው። ጥቁር ሰው መሆኑ በሽፋኑ ላይ ከሚታይበት ፊት ይልቅ ጨርቅ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2018 የቀረበው ፊልም ይህን ካሰው ማለት ይቻላል፤ ጭምብሉ ከአንገት ጌጥ ወጥቶ በቅጽበት ይለበሳል፣ በቅጽበት ይገፈፋል፤ የቻድዊክ ቦዝማን ፊትም ደጋግሞ ይታያል። የአልባሳት ንድፍ አውጪዋ ሩት ካርተር በዚሁ ሥራ በ2019 የኦስካር ሽልማት ማግኘቷ የተገባ ነው። ነገር ግን በዚያው ፊልም ከንጉሡ ሸንጎ ውስጥ አንድ ወንድ ሽማግሌ በታችኛው ከንፈሩ ሰፊ ገል አድርጎ ተቀምጧል። ይህ ጌጥ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሙርሲና በሱሪ ሕዝቦች ዘንድ የሴቶች ነው። አንዲት ልጃገረድ ከንፈሯ ተበስቶ፣ ገሉ በየጊዜው እየሰፋ የምትለብሰው የዕድሜዋና የክብሯ ምልክት ነው። ፊልሙ የአንዱን ሕዝብ ሕያው ፊት ወስዶ ለሌላ ጾታ ጭምብል አደረገው። በአድናቆት የተደረገ ነው ይባል ይሆናል፤ አምናለሁም። አድናቆቱ ግን ጠይቆ ለመረዳት አልደረሰም። የእኛ ከተሞች ተመልካች ይህን ሳያስተውል ማጨብጨቡ ደግሞ ከፊልሙ ይልቅ እኛን የሚያስወቅስ ነው፤ ሙርሲን ከሆሊዉድ እኩል ከሩቅ የምናይ መሆናችንን ያሳያልና።

ወደ ሜክሲኮ ስንሻገር ፍጹም ሌላ ጭምብል እናገኛለን። በዚያች አገር የነጻ ትግል ውድድር ጭምብል የሚሠራው በለባሹ ራስ ልክ ነው፤ ከኋላ በኩልም እንደ ጫማ በክር ይታሰራል። የመጀመሪያዎቹን ጭምብሎች ከሠሩት አንዱ፣ አንቶኒዮ ማርቲኔስ፣ ጫማ ሰፊ ነበርና መመሳሰሉ ድንገት አይደለም። በውርርድ ግጥሚያ ሁለት ታጋዮች ጭምብላቸውን ያሲዛሉ፤ የተሸነፈው በሕዝብ ፊት ይገልጣል፤ በልማዱም ስሙን ይናገራል። ስለዚህ እዚህ ጭምብል ዋጋ አለው፤ ሊጠፋ ይችላል። የባትማን ቆብ ቢጠፋ ሌላ ይገዛል።

ከነዚህ ታጋዮች ሁሉ ስመ ጥሩ ኤል ሳንቶ፣ «ቅዱሱ»፣ እ.ኤ.አ. በ1942 በብርማ ጭምብሉ ሜዳ ገባ፤ ከ1952 ጀምሮ የሥዕላዊ መጽሔት ጀግና ሆነ፤ ከ50 በሚበልጡ ፊልሞችም ተጫወተ። በጥር 1984 በቴሌቪዥን ቀርቦ ጭምብሉን ከፍ አድርጎ ፊቱን በከፊል አሳየ። በየካቲት ወር መጀመሪያ በልብ ሕመም ሞተ፤ የተቀበረውም ጭምብሉን እንደለበሰ ነው። ከባትማን በተቃራኒ እዚህ ገጸ ባሕርዩና ሰውዬው አንድ መቃብር ገቡ።

በአማርኛችን «ታጋይ» የሚለው ቃል ለውድድር ሜዳውም ለአደባባዩም ያገለግላል። ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ጭምብል ሥር የተገናኙት በዚያችው አገር ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1985 በሜክሲኮ ከተማ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ እጅግ ብዙ ሕዝብ ቤት አልባ አደረገ። የተረፉትም ተከራዮች በቤት ባለቤቶች ይባረሩ ጀመር። በ1987 ቀይና ቢጫ የለበሰ፣ እንደ ታጋይ ጭምብል ያጠለቀ፣ ሱፐርባሪዮ ጎሜስ የተባለ ሰው ከሰፈር ነዋሪዎች ማኅበር መካከል ወጣ። «ባሪዮ» ሰፈር ማለት ነው። አይበርም፤ ግድግዳ አይወጣም። ተከራይ ሊባረር ነው ሲባል ከነዋሪዎቹ ጋር በሩ ላይ ይቆማል፤ በሰልፍ ፊት ይሄዳል፤ ከባለሥልጣናት ጋር ለድርድር ከነጭምብሉ ይቀመጣል። ይህን ትዕይንት ሳስብ እንደ ተውኔት ጸሐፊ እቀናለሁ። ባለሥልጣኑ በከረባት፣ ሰውዬው በጭምብል፣ በመካከላቸው የኪራይ ውል፤ ከዚህ የተሻለ የመድረክ ሥዕል ጽፌ አላውቅም።

እሱም ቢሆን ዞሮ ዞሮ ምስል ሆኖ ቀርቷል፣ ጋዜጠኛና ፎቶ አንሺ ስቦ የሚያልፍ ትርኢት ነው የሚሉ አሉ። ትርኢት መሆኑን አልክድም፤ ትርኢት ሥራዬ ነው። ነገር ግን ፎቶ አንሺው ባይመጣ ኖሮ ዕቃዋ ደጅ የተጣለባትን መበለት ማን ያያት ነበር? መነሻዬ ላይ ላቀረብኩት ጥያቄ እዚህ ዘንድ አንድ መልስ አለ፤ ሱፐርባሪዮ ፊቱን የሸፈነው ከወዳጆቹ አልነበረም። ጭምብሉ ከጨርቅ የተሰፋ ስለሆነም በሩ ላይ ሲቆም ከኋላው ማን እንዳለ ዞሮ ማየት ይችል ነበር።