ስምንት፣ ሁለት፣ አንድ

ዴቪድ ኤምበሪ አሜሪካዊ ጠበቃ ነበር። ከባንኮኒ ጀርባ ቆሞ አልሠራም፤ የሚጠጣውንና ለእንግዶቹ የሚቀዳውን ግን እንደ ሕግ አንቀጽ አንድ በአንድ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1948 «መጠጥ የመቀላቀል ረቂቅ ጥበብ» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ይህን መጽሐፍ ፎንቆ ባለው ቤቴ ውስጥ ገልጬ «ሳይድካር» የተባለውን የብራንዲ ኮክቴል ስሞክር ሰንብቻለሁ።

መጽሐፉን የምወደው መጠን ስለሚያስተምር ነው። በ1922 የወጣው የባርማኑ የሃሪ ማክኤልሆን መጽሐፍ ለሳይድካር ብራንዲውን፣ ኳንትሮ የተባለውን የብርቱካን ሊኬርና ሎሚውን እኩል እኩል ያዛል። የ1930ው የሳቮይ ሆቴል የኮክቴል መጽሐፍ ግማሹን ብራንዲ፣ ሩቡን ኳንትሮ፣ ሩቡን ሎሚ ያደርጋል። ሁለቱም ይኸው ያዙ ብለው ያልፋሉ። ኤምበሪ ግን ስምንት እጅ ብራንዲ፣ ሁለት እጅ ሎሚ፣ አንድ እጅ ሊኬር ብሎ ምክንያቱን ያስረዳል፦ ኮክቴል ከምግብ በፊት የሚጠጣ ነው፤ ሥራው ሆድን መክፈት ነው፤ ጣፋጭ ሲበዛበት ይዘጋዋል። በዚህ ከልቤ እስማማለሁ። ቆጮና ክትፎ የሚጠብቀው ሰው ስኳር ጠጥቶ ገበታ አይቀርብም።

ችግሩ ያለው ሎሚው ላይ ነው። ኤምበሪ ሎሚ ሲል ቢጫውን፣ ወፍራም ቅርፊት ያለውን፣ እንቁላል የሚያህለውን ነው። እኔ ከገበያ የገዛሁት የእኛውን ነው፦ ትንሽ፣ ክብ፣ ቅርፊቱ ስስ፣ ሲቆረጥ ሽታው ቤቱን የሚሞላ፤ ፈረንጆቹ «ላይም» ከሚሉት ወገን። ኳንትሮ ስላልነበረኝ የሁለት ብርቱካን ልጣጭ ነጩን ትቼ በስኳር አሽቼ አሳደርኩ። ጠዋት ስኳሩ የልጣጩን ቅባት ጠጥቶ ወዝቶ አገኘሁት፤ በጥቂት ብራንዲ አሟሟሁትና አጥልዬ ሽሮፕ አደረግኩት።

በሾርባ ማንኪያ ለሁለት ሰው ለካሁ፦ ስምንት ብራንዲ፣ ሁለት ሎሚ፣ አንድ ሽሮፕ። ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የማር ብልቃጥ ከበረዶ ጋር አድርጌ፣ ብልቃጡ ላብ እስኪያወጣና ጣቴን እስኪያደነዝዘኝ እንደ ወተት ናጥኩት። የመጀመሪያው ጉንጭ ጥርስ ያጠርሳል። ግማሽ ማንኪያ ሽሮፕ ጨመርኩ፤ ተስተካከለ። የኤምበሪ ቁጥር ከራሱ ሎሚና ከራሱ ምላስ የወጣ ነው፤ አንባቢው በገዛ ሎሚው ሊፈትነው ይገባል።

ከዚህ የሚከብደው የብራንዲው ጉዳይ ነው። እኛ አገር ቡናማ የሆነውን ሁሉ «ኮኛክ» ማለት ለምደናል። ፈረንሳይ ውስጥ ግን ስሙ የአንድ አውራጃ ነው፤ የወይን ጠጅ በመዳብ ጋን ሁለት ጊዜ ተጣርቶ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት በበሉጥ በርሜል የተኛ ካልሆነ ኮኛክ አይባልም። ኤምበሪ በርካሽ መጠጥ ጥሩ ኮክቴል አይሠራም ሲል ያጋነነ ይመስላል፤ ብልቃጤን ስንጥ ግን እውነቱ ገባኝ። የሳቮዩ ሩብ ሊኬር ብዙ ነገር ይሸፍናል። ስምንት እጅ የሆነው ብራንዲ ግን ጉድለቱን የሚሸፍንለት የለም፤ ቀለምና ሽቶ የተጨመረበት አልኮል ከሆነ ወዲያው ጉሮሮ ላይ ይታወቃል። ስለዚህ የጠርሙሱን ጽሑፍ አንብቡ፤ ደህና ብራንዲ ካላገኛችሁ የሳቮዩን መጠን ያዙ።

መጽሐፉ በታሪክ በኩል አያስተማምንም። ኤምበሪ ሳይድካርን አንድ ወዳጁ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፓሪስ ውስጥ እንደፈጠረውና ስሙም ሰውዬው በሚመላለስበት የሞተር ብስክሌት ጋሪ እንደወጣ ይተርካል። ማክኤልሆን ግን ከእሱ ሃያ ስድስት ዓመት ቀድሞ ለለንደኑ ባርማን ለማክጋሪ ሰጥቶታል። ጠበቃ ሆኖ የሌላውን ምስክር አለመስማቱ ያሳዝነኛል።

በእኛ ሰፈር በእምነቱ የተነሳ መጠጥ የማይቀምሰው ብዙ ነው። መጽሐፉ ለእነሱ እምብዛም ቦታ የለውም፤ መጠኑ ግን ጥቂት ከተስተካከለ ይሠራል። ጎረቤቴ ጋሼ ሲመጡ በብራንዲው ፈንታ ጠንካራ ሻይ አቀዝቅዤ፣ ሽሮፑንም በውሃ አሟሙቼ ለየብቻ አዘጋጀሁላቸው፦ ስምንት ሻይ፣ አንድ ሎሚ፣ አንድ ተኩል ሽሮፕ። ቀስ ብለው ጠጡና ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስተው አዩት። «እስቲ ጨምርልኝ» አሉ። ሎሚው አልቆ ስለነበር ልጁን ሱቅ ላክነው።