ቤተ መንግሥትና ቤተ መዘክር

ቤተ መንግሥት ቤተ መዘክር የሚኾነው ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ከለቀቀው በኋላ ነው። ቀድሞ የፈረንሳይ ነገሥታት መኖሪያ የነበረው የፓሪሱ ሉቭር፥ በአብዮቱ ዘመን በ1793 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ለሕዝብ ተከፍቶ የሥነ ጥበብ ቤት ኾነ። በአገራችን የዚህ አቻ በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሚገኘው ገነተ ልዑል ነው።

ገነተ ልዑል ብዙ ያየ ቤት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለው በዚሁ ግቢ ሲኾን፥ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በመንግሥት ግልበጣው ሙከራ ታግተው የነበሩ ሚኒስትሮችና መኳንንት የተገደሉትም በውስጡ ነው። በ1954 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ግቢ ኾነ፤ ቀጥሎም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክሩን አደራጀበት። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት ሳይቀር ለተመልካች ተጠብቆ ቈይቷል።

ቤተ መዘክሩ የባህሉን ዕቃ በየብሔረሰቡ ከመከፋፈል ይልቅ ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ሕይወት አሰልፎታል። ይህ የሚመሰገን ነው፤ ዕቃው የማን እንደ ኾነ ብቻ ሳይኾን ለምን እንደ ዋለም ያስጠይቃልና። ከሥዕሉና ከመስቀሉ ክፍል ሲደረስ ግን ሐሳቡ ይላላል። በመስተዋት ውስጥ የቆመ መስቀል ቅርጹን ይናገራል እንጂ በየትኛው በዓል እንደ ወጣ፥ ማን እንደ ተሳለመው አይናገርም።

የጐደለው ምን እንደ ኾነ ከላሊበላ በላይ፥ ከተራራው ዐለት በተፈለፈለችው በአሸተን ማርያም ይታያል። ሥራዋ በቅዱስ ላሊበላ ተጀምሮ በነአኵቶ ለአብ እንደ ተፈጸመ በትውፊት ይነገራል። ካህኑ የብራናውን መጽሐፍና መስቀሉን አውጥቶ በደጁ ብርሃን ያሳያል፤ እንግዳው ያደንቃል፥ ምእመኑ ይሳለማል፤ ዕቃውም ወደ አገልግሎቱ ይመለሳል።

እንዲህ ያለው ቅርስ ኹሉ ወደ ከተማ ተሰብስቦ ይጠበቅ የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ከአንድ የቤልጂግ ሰብሳቢ እጅ ደርሶ ነበር። ኾኖም ሲመለስ የገባው ወደ ከተማ ቤተ መዘክር ሳይኾን ወደ ቤተ መድኃኔ ዓለም ነው፤ ፍርዱም ትክክል ነበረ።

ገነተ ልዑል ቤተ መዘክር ቢኾን ጌታው ስለ ለቀቀው ነው። አሸተን ማርያምን ግን አገልጋዮቿ አልለቀቋትም። ስለዚህ ለተራራዪቱ የሚያስፈልጋት ጥሩ መዝገብ፥ ጽኑ ቍልፍና የጠባቂ ደመወዝ ነው፤ ለስድስት ኪሎው ቤት ደግሞ ከየመስቀሉ አጠገብ የአገልግሎቱን ታሪክ መጻፍ።