በግራ ሂዱ፣ በግራ ተመለሱ!

ጠዋት ወደ ጎንደር የምትበሩ ከሆነ፣ ቼክ ኢን ስታደርጉ እባካችሁ ይህን ጠይቁ፦ በግራ በኩል፣ ከክንፉ ኋላ፣ መስኮት ዳር! ይህን ካወቅሁ ወዲህ ያልነገርኩት ሰው የለም። መስኮት ማግኘት ብቻውን አይበቃም፤ ቁም ነገሩ የትኛው መስኮት የሚለው ነው።

መጀመሪያ አውሮፕላኑ። በአገር ውስጥ በረራ የምናውቀው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ነው። ቦይንግ 737 ላይ መሃል የተቀመጠ ሰው ቁልቁል ሲያይ ክንፍ ይጋርደዋል፤ እዚህ ግን የሚከልለው ሞተሩ ብቻ ነው፣ ከእሱ ጥቂት ረድፍ ወደ ኋላ ሲሉ አገሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከፍታውም ቢበዛ 27 ሺህ ጫማ ነው፤ ደጋው ራሱ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ መሬቱ ቅርብ ነው። ማሳውን ከማሳ፣ ጎጆውን ከጎጆ ትለያላችሁ!

ሁለተኛው ፀሐይ ናት። ጠዋት ወደ ሰሜን ሲበሩ ፀሐይ በቀኝ ትሆናለች። የቀኙ ተሳፋሪ ዓይኑ ተጭበርብሮ መስኮቱን ሲዘጋ፣ የግራው ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ ብርሃኑ ገደሉ ላይ ሲያርፍ ያያል።

ገደሉስ! የአባይ ሸለቆ ጋ ሲደርሱ፣ እስከ ጫፉ የታረሰው ሜዳ ድንገት ቁርጥ ይላል። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል፣ አለቱ እርከን በእርከን እየተደራረበ ይወርዳል፤ ወንዙ ከሥሩ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። አጠገባችሁ ያንቀላፋ ሰው ካለ ቀስቅሱት፤ ይህ በእንቅልፍ የሚታለፍ አይደለም! ቀጥሎ የጮቄ ተራራ፣ ከዚያ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው ጣና ከነደሴቶቹ፣ ሁሉም በግራ በኩል ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ አየሩን አጥቦት መሬቱ ገና አረንጓዴ ሳለማ ምን ልበላችሁ!

ደመና ቢኖርስ? ደመናም የራሱ ትርኢት አለው። ከፀሐይ በተቃራኒ ወገን፣ የአውሮፕላኑ ጥላ ደመናው ላይ አርፎ በዙሪያው ክብ ባለቀለም ቀለበት ይሠራል። ጥቃቅኖቹ የውሃ ጠብታዎች ብርሃኑን ወደመጣበት ስለሚመልሱት፣ ይህን የሚያየው ለፀሐይ ጀርባውን የሰጠ ብቻ ነው። ለማረፍ ሲቃረብም ጎማው ከክንፍ ሥር ካለው የሞተር ቤት ወጥቶ ዓይናችሁ እያየ ይዘረጋል፤ መሬት ሲነካ እንኳ ታዩታላችሁ!

ለመመለሻ ደግሞ የከሰዓቱን በረራ ከያዛችሁ አሁንም ግራ ምረጡ። አቅጣጫው ወደ ደቡብ ዞሯል፣ ፀሐይዋም ወደ ምዕራብ፤ ስለዚህ እንደገና በቀኝ ናት። በዚህ ጊዜ በግራ የሚጠብቃችሁ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆመው የጉና ተራራ ነው። አንድ ወገን ይዞ ሁለት አገር ማየት ማለት ይህ ነው!