የናቫሆ ጥንታዊ ሽመናና የሰብሳቢዎቹ ስያሜ

በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ፣ በአሪዞናና በኒው ሜክሲኮ አገር የሚኖረው የናቫሆ ሕዝብ፣ ራሱን ዲኔ ብሎ የሚጠራው፣ በሱፍ ሽመናው የታወቀ ነው። ጥንታዊውን የናቫሆ ብርድ ልብስ የሚሰበስቡ ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ ደክመው ብዙ ዕውቀት አከማችተዋል፤ ዛሬ በየቤተ መዘክሩ ከምናየው ሀብት አብዛኛው ያለ እነርሱ ድካም ባልተረፈም ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ዕውቀት ከሚነገርባቸው ስሞች ብዙዎቹ ከሻጭና ከገዢ አፍ የወጡ ናቸው። ስም ደግሞ ለተመራማሪ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዓይኑን የሚመራው እርሱ ነውና። በዚህ አጭር ጽሑፍ ከነዚህ ስሞች ጥቂቶቹን እንመረምራለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ናቫሆዎች ሽመናን በ17ኛው መቶ ዓመት አካባቢ ከጎረቤቶቻቸው ከፑዌብሎ ሕዝቦች እንደ ተማሩ ሊቃውንት ይገምታሉ፤ እነርሱ ራሳቸው ግን ጥበቡን ያስተማረቻቸው «ሸረሪት ሴት» የተባለችው ቅድስት እንደ ሆነች ይናገራሉ። ሱፉ የተገኘው ስፔኞች ካመጡት ቹሮ ከተባለው በግ ነው። በአገራችን ሴቲቱ ስትፈትል ወንዱ ሲሸምን ማየት ለለመደ አንባቢ፣ በናቫሆ ዘንድ አንዲት ሴት ሱፉን ፈትላ፣ ቀለም ነክራ፣ ራሷ እንደምትሸምነው ማወቅ ያስፈልገዋል። ድሩ በቆመ የእንጨት ማዕቀፍ ላይ ከላይ ወደ ታች ይወጠራል፤ እርሷም ከፊቱ ተቀምጣ ማጉን በእጇ እያሳለፈች በእንጨት ማበጠሪያ ትጠቀጥቀዋለች።

ከሁሉ የከበረው የሽመና ዓይነት በሰብሳቢዎች ዘንድ «የአለቃ ብርድ ልብስ» ይባላል። ናቫሆዎች ግን በዚያ ዘመን ሕዝቡን ሁሉ የሚገዛ አንድ አለቃ አልነበራቸውም፤ ልብሱም በነርሱ ዘንድ የሹመት ምልክት አልነበረም። ስሙ የመጣው ከንግዱ ነው። ዩቶችና የሜዳው አገር ሕዝቦች በውድ ዋጋ ይገዙት ስለ ነበረ፣ በነርሱም መካከል ባለጸጋና ታላቅ ሰው ስለሚለብሰው እንዲህ ተባለ። ሰብሳቢዎች በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል፤ አንደኛው ሰፋፊ አግድም መሥመሮች ብቻ ያሉበት፣ ሁለተኛው ትንንሽ ቀይ አራት ማዕዘኖች የተጨመሩበት፣ ሦስተኛው በማዕዘኑ የቆመ አራት ማዕዘን የገባበት ነው። ክፍፍሉ ዘመን ለመለየት ይረዳል፤ ስሙ ግን ስለ ገዢው ሀብት እንጂ ስለ ሸማኔዪቱ አንዳች አይነግረንም።

ከዚህ የከፋው «የስንፍና መሥመር» የተባለው ነው። በብዙ ጥንታዊ ብርድ ልብሶች ላይ ደብዘዝ ያሉ ሰያፍ መሥመሮች ይታያሉ። ሸማኔዪቱ ማጉን ከዳር እስከ ዳር በማሳለፍ ፈንታ በፊቷ ያለውን ክፍል አስቀድማ ከፍ አድርጋ ትሠራለች፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ትሸጋገራለች። ሰያፉ መሥመር ሁለቱ ክፍሎች የተገናኙበት ስፍራ ነው። ሰፊ ልብስ ለሚሠራ ሰው ይህ የታሰበበት ዘዴ ነው። ሰብሳቢው ይህንኑ መሥመር ልብሱ የናቫሆ ሥራ ለመሆኑ ምስክር አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ስሙን ግን ስንፍና ብሎ ይጠራዋል።

የዘመን አከፋፈሉም እንከን አያጣውም። በ1805 የስፔን ወታደሮች በካንየን ደ ሼይ ዋሻ የተሸሸጉትን ናቫሆዎች ፈጁ፤ ከዚያ ዋሻ በኋላ የተገኙት ቁርጥራጭ ጨርቆች ለጥንታዊው ሽመና የዘመን መለኪያ ሆኑ። በ1863ና በ1864 ደግሞ የአሜሪካ ጦር እርሻቸውን አቃጥሎ፣ በጎቻቸውን ፈጅቶ፣ ሕዝቡን በእግር ወደ ቦስኬ ሬዶንዶ ነዳው። ከ8,000 የሚበልጡ ሰዎች በዚያ ታግተው ቆዩ፤ ወደ አገራቸው የተመለሱት በ1868 ውል ከተፈረመ በኋላ ነው። በጎቹ ስላለቁ ሴቶቹ ከመንግሥት በሚታደል የፋብሪካ ፈትል ይሸምኑ ጀመር። በሰብሳቢዎች መጻሕፍት ከዚህ በፊት ያለው ዘመን «ክላሲክ»፣ ከዚህ በኋላ ያለው «ኋለኛ ክላሲክ»፣ ቀጥሎም «የሽግግር ዘመን» ይባላል። እነዚህ ቃላት ረኃቡንና ምርኮውን ሸፍነው ነገሩን የፈትልና የቀለም ለውጥ ብቻ ያስመስሉታል።

ምድር ባቡር በ1880ዎቹ ከደረሰ ወዲህ ብርድ ልብሱ ቀስ በቀስ ምንጣፍ ሆነ። የጋናዶው ነጋዴ ኹዋን ሎሬንሶ ሀበል የጥንታዊ ብርድ ልብስ ንድፎችን በሥዕል አሠርቶ ሸማኔዎቹ እንዲያዩአቸው በንግድ ቤቱ ሰቀለ፤ የክሪስታሉ ጆን ሙር በ1903ና በ1911 የምንጣፍ ካታሎግ አሳተመ። ምንጣፎቹም ጋናዶ፣ ክሪስታል፣ ቱ ግሬይ ሂልስ እየተባሉ በንግድ ጣቢያዎች ስም ተጠሩ። ብዙው ሥራ በሚዛን፣ በፓውንድ ይገዛ ነበር። ካቲ መክሎስኪ በ2002 ባሳተሙት መጽሐፍ የነጋዴዎቹን መዝገብ መርምረው፣ ንግዱ በሴቶቹ ዝቅተኛ ክፍያ ላይ የቆመ እንደ ነበረ፣ ኋላ የተስፋፋው የጥንታዊ ሽመና ገበያም የዛሬዎቹን ሸማኔዎች ገዢ እንደሚሻማ አመልክተዋል። በ2012 በካሊፎርኒያ አንድ የአንደኛ ደረጃ ብርድ ልብስ በጨረታ 1.8 ሚሊዮን ዶላር አወጣ፤ የሸመነችው ሴት ስም አይታወቅም።

በ1972 በሎስ አንጀለስ ካውንቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የቀረበው «የናቫሆ ብርድ ልብስ» የተባለው ትርኢት ሽመናውን ከኢትኖግራፊ ዕቃ ቤት ወደ ሥነ ጥበብ አዳራሽ በማውጣቱ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ልብስን እንደ ሥዕል በግድግዳ ዘርግቶ የማየትን ልማድ አጠንክሯል። እኔም ራሴ በውጭ አገር ተማሪ ሳለሁ፣ በአንድ ቤተ መዘክር የተሰቀለ የሦስተኛ ደረጃ ብርድ ልብስ አይቼ፣ በዳሩ ላይ ያሉት ቅርጾች በግማሽ መቆረጣቸውን የንድፍ ጉድለት አድርጌ በማስታወሻዬ ጽፌ ነበር። ስሕተቴን ያወቅሁት አንድ ሰው ይህን መሰል ልብስ ደርቦ የተነሣውን አሮጌ ፎቶግራፍ ባየሁ ጊዜ ነው። ልብሱ በትከሻ ላይ ሲጣል ሁለቱ ዳሮች በደረት ላይ ይገናኛሉ፤ ግማሾቹም ቅርጾች አንድ ሙሉ ቅርጽ ይሆናሉ። ንድፉ የሚፈጸመው በሰው ገላ ላይ ነው፤ ሸማኔዪቱም ያሰበችው ይህንኑ ነበር።

የሰብሳቢዎቹን ስሞች ብንጥል በምን እንግባባለን የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከሞታቸው በኋላ በ2003 የታተመው የጆ ቤን ዊት ጥናት፣ ፈትሉንና ቀለሙን አንድ በአንድ መርምሮ ዘመን በመለየቱ፣ የሰብሳቢዎች ሀብት ለእውነተኛ ሳይንስ መሠረት ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። ስለዚህ የምንለው ስሞቹ ይሠረዙ ሳይሆን የማን ስሞች እንደ ሆኑ ይጻፍ ነው። በመዝገብ ካርድ ላይ «የአለቃ ብርድ ልብስ» ከሚለው አጠገብ ሕዝቡ ራሱ ልብሱን ምን ብሎ እንደሚጠራው፣ እንዴት እንደሚለበስ፣ ከማን እጅ በምን ዋጋ እንደ ተገዛ ይጨመር። «የስንፍና መሥመር» የሚለውም «የክፍል መጋጠሚያ» ቢባል የሚጐድል ዕውቀት የለም። የሠሪዋም ስም በጠፋ ጊዜ «ያልታወቀች» ከማለት ይልቅ «ስሟ አልተመዘገበም» ተብሎ ይጻፍ፤ ልጆቿና ጎረቤቶቿ ያውቋት ነበርና።