ቀለሙ የሳሳ ቀይ

ባለፈው የወይን ለቀማ ከእኛ ጋር ሊሠራ የመጣ አንድ ያገሬ ልጅ፣ ከብረቱ ጋን የቀዳሁለትን ብርጭቆ ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና «ጋሼ፣ ይኼ አልሳሳም? ለምን እንደ ጎረቤቶቻችን ፍሬውን አድርቀን አንጠምቀውም?» አለኝ። በቅንነት ነው የጠየቀኝ። እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ እየመለስኩለት ነው።

ጣሊያን ውስጥ ከጋርዳ ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ እኛ ባርዶሊኖ የምንጠምቀውና ኮረብታውን ተሻግሮ ቫልፖሊቼላ ውስጥ የሚጠመቀው አማሮኔ ዋና ፍሬያቸው አንድ ነው፤ ኮርቪና። እነሱ ዘለላውን ነፋስ በሚገባበት ቤት ለወራት ያደርቁታል። ሲሶ ያህል ክብደቱን ሲያጣ ስኳሩ ይከማቻል፤ አልኮሉም ቢያንስ 14 በመቶ ይሆናል። ትልቅ ጥበብ ነው። ነገር ግን ማድረቅ ፍሬው የበቀለበትን ቦታ ይሸፍናል ብዬ አምናለሁ፤ ከዚህም የሚያነቃንቀኝ የለም። የእኛ መሬት የጥንት በረዶ እየገፋ ያመጣው ጠጠር ነው። ጠዋት ከሰሜን ፔሌር የሚሉት ነፋስ ይነፍሳል፣ ከሰዓት በኋላ ከደቡብ ኦራ የሚሉት ይመጣል። 346 ሜትር የሚጠልቀው የሐይቁ ውኃ ሙቀት ስለሚያከማች ከአልፕስ ግርጌ ወይራ ያፈራል። ይህ ሁሉ ወይኑ ውስጥ እንዲሰማኝ እፈልጋለሁ።

ደግሞ ኮርቪና ቅርፊቱ ወፍራም ቢሆንም ቀለሙ ጥቂት ነው። መሳሳቱ የጠማቂው ስንፍና አይደለም። ሥራችን ያለው ቅርፊቱን ከጭማቂው የምንለይበትን ሰዓት ማወቁ ላይ ነው። ቀኑን አላልኩም፤ ሰዓቱን። አንድ ዓመት ጠቆር ያለ ወይን የፈለገ ነጋዴ ለምኖን ሁለት ቀን ጨምረን አቆየነው። ቀለም ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወጥቶ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጨምረው ምላስ የሚያኮማትረው ነገር ነው። ቼሪ ቼሪ የሚለው ጣዕም ጠፋ። ነጋዴውም ሳይወስደው ቀረ። የባርዶሊኖ ስም በሕግ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ እዚሁ ከተማ ያለው የዜኒ ቤተሰብ ግን ከ1870 ጀምሮ ወይን ይሠራል። ይህን ያህል ዘመን የቆየ ወይን ለአንድ ነጋዴ ዓይን ብለን ማበላሸታችን ዛሬም ይቆጨኛል።

እናቴ ጠጅ ስትጥል ጋኑን ቶሎ ቶሎ አትከፍትም ነበር። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ታስጠጋለች፤ ድምፁ ሲለዝብ ቀና ትላለች። እዚህ አገር ስመጣ ጣሊያንኛ አልችልም፤ ሽማግሌው የጓዳው አለቃ የሚለኝን አንዱንም አልሰማም ነበር። አንድ ሌሊት መብራት ይዤ ስገባ ጆሮውን ብረቱ ላይ አድርጎ አገኘሁት። ምን እንደሚያዳምጥ ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ። መብራቱን አስቀምጬ ከጎኑ ጎንበስ አልኩ። በዚህ ሥራ 20 ዓመት የቆየሁት ከዚያች ሌሊት የተነሣ ነው። ለዚያም ልጅ ከቃል መልስ ይልቅ የሰጠሁት ይህንኑ ነው፤ ጋኑ ሥር አስቀምጬው ሄድኩ።

ባርዶሊኖ እጃችሁ ከገባ ቀይ ነው ብላችሁ ሞቅ እንዳለ አታቅርቡት። 14 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ አቀዝቅዙት፤ ሳያረጅም ጠጡት።