ከፋዩ ማን ነው? ከግብር አዳራሽ እስከ ባህል ምሽት

ማዕድና ትርኢትን አንድ ጣሪያ ሥር ስለሚያቀርቡት የአዲስ አበባ ቤቶች ሲጻፍ ሐረጋቸው ከቤተ መንግሥት ግብር ይመዘዛል። የባህል ምግብ ቤቶቹም ይህን ዝምድና ይወዱታል፤ መሶቡ፣ ብርሌው፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ጋሻና ጦር ያንኑ ይናገራል። የትርኢት ዝምድና ግን በዕቃ አይለካም፤ የሚለካው አዝማሪው እንጀራውን ከማን እጅ ይቀበላል በሚለው ነው ባይ ነኝ። በምኒልክ የግብር አዳራሽ ሺዎች በየማዕረጋቸው ተራ ጠብቀው ሲበሉ እንግዳ አይከፍልም። ጋባዡ አንድ ስለሆነ ውዳሴውም ፉከራውም ወደ እሱ ያቀናል። ከፍሎ መብላት ራሱ ለከተማው እንግዳ ነገር ነበር፤ እቴጌ ጣይቱ የዛሬ 120 ዓመት ገደማ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ መኳንንቱን ማለማመድ እንዳስፈለገ ይነገራል።

አዝማሪ ቤት ይህን ሥርዓት ገለበጠው። እዚያ ሁሉም ከፋይ ነው፤ መጠጡን ያዝዛል፣ «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ያቀብላል፣ ደስ ሲለው ግንባር ላይ ብር ይለጥፋል። ስለዚህ ማሲንቆ የያዘው ሰው የእንግዳውን ስም፣ አገር፣ አለባበስና አብሮት የተቀመጠችውን ሴት በአንድ እይታ አንብቦ እዚያው መግጠም አለበት። ሰምና ወርቅ እዚህ ጌጥ አይደለም፤ ሰውን ሳያስቀይሙ መሸርደድ ያልቻለ ባዶ ኪሱን ያድራል። የደርግ ሰዓት እላፊ የጎዳውም ይህንኑ የሌሊት ገበያ ነው። ትልልቆቹ ሆቴሎች በራቸውን ዘግተው ታዳሚውን እስከ ንጋት ማስጨፈር ሲችሉ፣ ትንንሾቹ ቤቶች ያ አቅም አልነበራቸውም። እገዳው ከሥርዓቱ ጋር ሲያልፍ ካዛንቺስ በአዝማሪ ቤቶች ደመቀ።

በባህል ምግብ ቤት ደግሞ የትርኢቱ ዋጋ ከክትፎውና ከጠጁ ሂሳብ ጋር ተጠቃልሏል። ተወዛዋዡ ደመወዝተኛ ነው፤ የጎንደሩ፣ የጉራጌው፣ የኦሮሞው፣ የወላይታው ጭፈራ ልብስ እየተቀየረ በታወቀ ቅደም ተከተል ይቀርባል። አማርኛ የማይሰማ ቱሪስትም ከፋይ በመሆኑ ቃል ወደ ኋላ ይላል፣ ትከሻ ይቀድማል። የግብር አዝማሪም ንጉሥ ፊት ይሸነቁጥ ነበር ተብሎ ሊሞገት ይችላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የሽሙጡ ዒላማም ሽልማቱን የሚሰጠውም ያው አንድ ሰው ነበር፤ ይህ ሐሳቤን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ይበልጥ የሚከብደኝ ሌላው ሙግት ነው፦ ደመወዝ ተወዛዋዡን ከሰካራም ችሮታ ነፃ አውጥቷል፣ በአዝማሪነት ላይ የኖረውንም ንቀት አቅልሏል። ይህን መካድ አይቻልም። ለባለሙያው የተሻለው ክፍያ ለስንኙ የተሻለ አለመሆኑን ግን አብሮ መቀበል ያስፈልጋል።

በ2017 ዓ.ም የካዛንቺስ አሮጌው ሰፈር ሲፈርስ በተወዛዋዡ መላኩ በላይ ይመራ የነበረው ፈንድቃ የተባለው አዝማሪ ቤትም ቦታውን አጣ። ብዙው ቁጭት ያተኮረው በቅርስነቱ ላይ ነበር። በእኔ መለኪያ ከግድግዳው ይበልጥ የሚያሳስበው የቤቱ ስፋትና የመጠጡ ዋጋ ነው። አዝማሪው የእያንዳንዱን እንግዳ ፊት የሚያይበት ጠባብ ክፍል ያስፈልገዋል፤ እንግዳውም ቢራውን ከፍሎ ለግንባር የሚለጠፍ ብር ሊተርፈው ይገባል። በአሮጌው ቤት ምትክ የሚከራዩት አዲስ ሕንፃ ኪራይ ግን ሁለቱንም የሚፈቅድ አይመስልም።